ዝንጉርጉሩ ፕሪቬቴ አረንጓዴ እየሆነብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ከሦስት ዓመት በፊት ቅጠሉ መሃሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ነጭ የሆነ ፕሪቬት የሚባል የአጥር ቁጥቋጦ ተከልኩ። ሁለት ዓመት ያህል አምሮበት ቆየ። አሁን ግን ከመሃሉ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆኑ ቅርንጫፎች ወጥተው ከሌላው በላይ ተመዘዋል። እየከረከምኩ አስተካክላቸዋለሁ፣ እነሱ ግን ይብስባቸዋል። ምግብ አንሶት ይሆናል ብዬ ማዳበሪያ ጨመርኩለት፣ እሱም አልረዳም። ጭራሽ ነጩ ጠርዝ እዚህም እዚያም ቡናማ እየሆነ መድረቅ ጀመረ። በሽታ ነው? ነቅዬ ልጣለው? ወይስ ዘሩን ለቅሜ እንደገና ልጀምር?»

እህቴ፣ እንዳትነቅዪው። አረንጓዴው በሽታ አይደለም። የደረቀው ጠርዝ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። ለጊዜው ግን ማዳበሪያውን አቁሚ፤ ያንን ትልቁን የአጥር መከርከሚያ መቀስም ወደ ቦታው መልሺው። ሁለቱም እየሠሩ ያሉት ለአረንጓዴው ነው፣ ላንቺ አይደለም።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ነጩ ጠርዝ ነጭ የሆነው ክሎሮፊል ስለሌለው ነው። ክሎሮፊል ማለት ተክሉ በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዲያዘጋጅ የሚያደርገው አረንጓዴ ነገር ነው። እሱ የሌለው የቅጠል ክፍል ምግብ አይሠራም፣ መብላት ግን ይበላል። መሃል ያለው አረንጓዴ ሠርቶ ጠርዙን ይቀልባል ማለት ነው። ተክሉ በአንድ አካል ውስጥ ሁለት ዓይነት ህዋስ ይዞ ነው የሚኖረው። በቀንበጡ ጫፍ ላይ ህዋሳቱ እንደ ድርብ ልብስ ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ድርብ ክሎሮፊል መሥራት ይችላል፣ ሌላው አይችልም። ድርቦቹ እየተናበቡ እስካደጉ ድረስ ቅጠሉ አንቺ እንደወደድሽው መሃሉ አረንጓዴ፣ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አልፎ አልፎ ግን አንዷ እምቡጥ ላይ ነገሩ ይዛባል። አረንጓዴዎቹ ህዋሳት የነጮቹን ቦታ ይይዙና ከዚያች እምቡጥ የሚወጣው ቅርንጫፍ ከሥር እስከ ጫፉ አረንጓዴ ይሆናል። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ሁለት ህዋስ በአንድ የያዘ ተክል ካይሜራ ይሉታል።

አንዴ ከወጣ ደግሞ ያ ቅርንጫፍ የማይሠራ ጠርዝ የሚቀልብበት ምክንያት የለውም። ቅጠሉ በሙሉ ይሠራል። ስለዚህ ይፈጥናል፣ ይወፍራል፣ ከላይ ወጥቶ ዝንጉርጉሩን ያጠላበታል፣ ከሥሩ የሚመጣውን ውሃም ወደ ራሱ ይስባል። ዝም ብትይው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥቋጦው አረንጓዴ ፕሪቬት ይሆናል፤ ዝንጉርጉሩም ከታች በኩል ተደብቆ ይቀራል ወይም ይሞታል።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፕሪቬትን ቅጠል ልብ ብለሽ እዪው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው ትይዩ ነው የሚወጡት። በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ ደግሞ አንዲት እምቡጥ ተኝታለች። ጫፉን ስትቆርጪው ከተቆረጠው በታች ያሉት ሁለቱም ይነቃሉ። አንዱን አረንጓዴ ቀንበጥ ቀጨሁት ስትዪ ሁለት አድርገሽዋል። በሚቀጥለው ጊዜ አራት። «እየከረከምኩ ይብስባቸዋል» ያልሽው ይሄው ነው፣ አልተሳሳትሽም፣ በትክክል አይተሻል። ለአጥር ጥሩ የሚያደርገው ይህ ጠባዩ ነው፣ በተቆረጠ ቁጥር ጥቅጥቅ ይላል። አንቺ ግን ሳታውቂው ስታጠቀጥቂ የከረምሽው አረንጓዴውን ነው።

የሚያስፈልግሽ ትንሹ የእጅ መግረዣ መቀስ ነው፣ ለወፈረው ደግሞ ትንሽ የእጅ መጋዝ። አንዱን አረንጓዴ ቅርንጫፍ ያዢና በእጅሽ እየተከተልሽ ወደ ውስጥ ግቢ። ቅጠሉን ገለጥ ገለጥ እያደረግሽ መነሻው ድረስ ሂጂ። መነሻው ከሁለት አንዱ ነው። ከዝንጉርጉር ቅርንጫፍ ላይ ከተነሳ፣ የተነሳበትን ቦታ ጭምር ማስወገድ አለብሽ፤ ማለትም ያንን ዝንጉርጉር ቅርንጫፍ ራሱን ከአረንጓዴው መነሻ ዝቅ ብለሽ፣ ንጹሕ ዝንጉርጉር ቅጠል ካለው ጥንድ በላይ ቁረጪው። ትንሽ ጉቶ ከተውሽ እዚያች ጉቶ ላይ ያሉት እምቡጦች አረንጓዴ ናቸው፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ወፍራም ዋና ግንድ ላይ ከሆነ ግን ግንዱን መቁረጥ አያስፈልግም፣ ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር አስጠግተሽ አንሺው፣ ከዚያ በየሦስት ሳምንቱ እየተመለስሽ ብቅ የሚለውን ገና ለጋ እያለ በአውራ ጣትሽ ፈግፍጊው።

ከመሬት ውስጥ የወጣ ከሆነ አፈሩን ጫር ጫር አድርጊና ከየት እንደተነሳ እዪ። ከሥር ወይም ከግንዱ ግርጌ ይሆናል። እዚያው መገናኛው ላይ ነቅለሽ ወይም ቆርጠሽ አውጪው፣ ከዚያ አፈሩን መልሺ። ከአፈር በላይ እኩል አድርጎ መቁረጥ ከመከርከም አይለይም።

ስንት አረንጓዴ እንዳለ አልነገርሽኝም። ከቁጥቋጦው ሲሶ በታች ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አውጪው፣ ምንም አይሆንም። ከዚያ ከበለጠ ግን ረጋ በዪ። እየቀለበው ያለው እሱ ስለሆነ ሁሉንም በአንዴ ስታነሺ ትልቅ ሥር ደካማ ቅጠል ላይ ይንጠለጠላል። ረጅሙንና ከላይ የሚያጠላውን መጀመሪያ፣ ሌላውን ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ። ዝንጉርጉሩ የቀረው ሩቡን ያህል እንኳ ካልሆነ እኔ ብሆን አሮጌውን አላስታምምም፤ ከቀረው ላይ ቀንበጥ ቆርጬ አዲስ እተክላለሁ። እንዴት እንደሆነ ከታች አለ።

እኔም በዚህ ተቀጥቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ረድፍ ያረጀ ዝንጉርጉር ፕሪቬት ላድስ ብዬ በሞተር መቁረጫ ከጉልበት በታች አሳጠርኩት። ፕሪቬት አይሞትም፣ ጉቶውን እንኳ ብትቆርጪው ይበቅላል ተብሎ ተነግሮኛል፣ እውነትም ነው። በቀለ። ግማሹ አረንጓዴ ሆኖ። ከአሮጌ እንጨት የምትነቃ እምቡጥ ዝንጉርጉር ትሁን አረንጓዴ ቀድመሽ ማወቅ አትችዪም። ከዚያ ወዲህ ዝንጉርጉር የሆነን ነገር በአንዴ አላጎሳቁልም፤ ያረጁትን ግንዶች በየዓመቱ አንድ ሁለቱን እያልኩ ነው የማወጣው።

ማዳበሪያውን አቁሚ ያልኩሽ ደግሞ ለዚህ ነው። ማዳበሪያ ዝንጉርጉርን አረንጓዴ አያደርግም፣ ያ ሐሜት ነው። ነገር ግን ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠልና ቀንበጥ ነው የሚገፋው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚጠቀምበት ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚሠራው ነው። ፕሪቬት በባሕርዩ ሆዳም ተክል አይደለም። በዓመት አንዴ፣ ማደግ ሲጀምር፣ ሁለትና ሦስት ጣት ውፍረት ያለው የበሰለ ኮምፖስት ከሥሩ ዙሪያ ብታለብሺው ይበቃዋል። ግንዱን አታስነኪው፣ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርጊው።

የደረቀው ጠርዝስ? እንደጻፍሽው ከሆነ ከማዳበሪያው በኋላ ነው የጀመረው ወይም የባሰው። ነጩ ክፍል ስስ ነው። ተክሉ ሲጠማ፣ የሚያቃጥል ፀሐይ ሲያገኘው፣ ደረቅ ነፋስ ሲመታው ወይም አፈሩ ውስጥ የማዳበሪያ ጨው ሲከማች መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ጨው ከሆነ ውሃው ከሥሩ አልፎ ወደ ታች እስኪወርድ ድረስ በዝግታ፣ ብዙ አድርገሽ አጠጪው፣ በሳምንቱ ድገሚው፣ ከዚያ ወደ መደበኛው ተመለሺ። መደበኛው ማለት ደግሞ በየቀኑ ረጨት ረጨት ማድረግ አይደለም። ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ አስገቢ፣ እርጥበት ካለ ተዪው፣ ከደረቀ አጠጪው። የደረቀው ጠርዝ ተመልሶ አይነጣም፣ እሱን አትጠብቂ። የምታዪው አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ነው።

መድረቁ በፀሐይ በኩል ባለው ጎን ብቻ ከሆነ ግን ጥፋቱ የማዳበሪያው አይደለም፣ የቦታው ነው። እዚህ ላይ ዓይነቱ ይለያያል። በየአትክልቱ ከሚታዩት ውስጥ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። አንዱ ከቻይና የመጣው ሊገስትረም ሳይነንስ የሚባለው ሲሆን ዝንጉርጉሩ ቫሪጌተም ይባላል። ቅጠሉ ትንሽ፣ አረንጓዴው ግራጫ መሰል፣ ጠርዙ ነጭ ወይም ክሬም ነው። የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ጥላ ይስማማዋል። ያንቺ ይህ ይመስለኛል። ሁለተኛው የጃፓኑ ሊገስትረም ኦቫሊፎሊየም ነው፤ ቢጫ ጠርዝ ያለው ኦሪየም፣ ነጭ ጠርዝ ያለው አርጀንቲየም ይባላል። ቢጫው ፀሐይ ይወዳል። ጥላ ውስጥ ካስገባሽው ቢጫነቱ ይደበዝዝና ሎሚ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ ግን ወደ አረንጓዴ መመለስ አይደለም፣ ፀሐይ ሲያገኝ ቀለሙ ይመለሳል። ለመለየት ቀላል ነው። በጥላ የደበዘዘ ከሆነ ጠርዙ በደበዘዘ መልክ ይታያል። ወደ አረንጓዴ የተመለሰው ቅርንጫፍ ላይ ግን ጠርዝ የሚባል ነገር የለም።

አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ቀንበጥ ይወጣል። ያምራል፣ ፎቶ አንሺው፣ ግን ከእሱ ተክል አገኛለሁ ብለሽ አትድከሚ። ክሎሮፊል የለውም፣ ራሱን አይመግብም። ከእናቱ ላይ እስካለ ይኖራል፣ ሲለይ ይሞታል።

በሽታ ነው ወይ ላልሽው፣ ከጻፍሽው ውስጥ በሽታ የሚመስል አላየሁም። ቢሆንም ወደ ተክሉ ስትጠጊ እነዚህን እዪ። ቅጠሉ ላይ ክብ ክብ ቡናማ ነጥቦች፣ ዙሪያቸው ጠቆር ያለ ወይም ቢጫ ቀለበት ካላቸው የፈንገስ ነጥብ ነው፤ የረገፈውን ቅጠል ጠርገሽ አቃጥዪ፣ የቁጥቋጦውን መሃል ሳሳ አድርገሽ ነፋስ እንዲገባ አድርጊ፣ ውሃውን ከላይ ሳይሆን ከሥሩ ስጪ። ቅጠሉ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ጭረትና ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ካየሽ ትሪፕስ የምትባለው ደቃቅ ነፍሳት ናት፣ ብዙውን ጊዜ ድርቅ ባለበት ጊዜ ነው የምትበዛው። የቀንበጡ ጫፍ ተጠቅልሎ የሚያጣብቅ ከሆነ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ነፍሳት ነው፣ በጠንካራ ውሃ እጠቢው። ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖ፣ አፈሩ ርጥብ ሆኖ ሳለ ተክሉ የተጠማ ከመሰለ ግን ሥሩ እየበሰበሰ ነው። ፕሪቬት የአፈር ምርጫ የለውም፣ ያቆረ ውሃ ብቻ አይችልም። እንደ እውነቱ ከሆነ በነፍሳት ያን ያህል የሚጠቃ ተክል አይደለም። ዘመዱ ወይራ ነው፣ ቅጠሉም እንደ ወይራ ኦለሮፔይን የሚባል መራራ ነገር አለው፤ ነፍሳት ሲያኝከው ፕሮቲኑን አጣብቆ ለመፈጨት የማይመች ያደርግበታል። ይህን ሁሉ ተቋቁመው እሱኑ የሚበሉም ግን አሉ። ዱላ መሳይ ነፍሳትን በመስታወት ሣጥን የሚያሳድጉ ሰዎች በብዛት የሚቀልቧቸው የፕሪቬት ቅጠል ነው።

ዘሩን ልዝራ ወይ ላልሽው፣ አትዝሪ። ከዘር የሚበቅለው እንደ እናቱ ዝንጉርጉር አይሆንልሽም። ይልቅ ቀንበጥ ቁረጪ፤ ፕሪቬት በዚህ ሰውን አያሳፍርም። ዘንድሮ ያደገ፣ ሥሩ በኩል ጠንከር ማለት የጀመረ፣ ጫፉ ግን ገና ለስላሳ የሆነ ቀንበጥ ምረጪ። ዋናው ምርጫው ላይ ነው። አንዱ ቅጠል አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ የበዛበት አይሁን፣ ሁሉም ቅጠሎች ተመሳሳይ ጠርዝ ያላቸው ይሁን፤ የምትቆርጪው ምን እንደሆነ ወደፊትም የሚሆነው እሱ ነው። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከአንጓው ሥር ቁረጪ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፊ። ግማሽ አሸዋ ግማሽ ኮምፖስት ባለበት ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ሁለት አንጓ እንዲቀበር አድርገሽ ትከዪ፣ አጠጪ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሸፍኚ፣ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ቦታ አስቀምጪ። ሥር ማውጫ ዱቄት ካለሽ ንከሪው፣ ከሌለሽም ችግር የለም። ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ሥር ይይዛል። ሳብ ስታደርጊው እምቢ ካለ ይዟል ማለት ነው፣ በየቀኑ እየሳብሽ ግን አትፈትኚው። አሥር ቆርጠሽ ሦስቱ ቢበላሹ እንኳ አጭር አጥር ይወጣልሻል። ወደ መሬት ስታወጪው ለአጥር ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር አራርቀሽ፣ ብቻውን ለሚቆም ደግሞ ዙሪያውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ክፍት ትተሽ ትከዪ። ዝም ቢሉት ከሁለት ሜትር በላይ ይሄዳል፣ አሁን ትንሽ ነው ብለሽ ግድግዳ ላይ አትለጥፊው።

ዘር ብለሽ ያነሳሽው ነገር ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ፣ ሰዎች ፕሪቬት ሲገዙ ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው። አበባው ነጭ ነው፣ ሽታው ከባድ ነው፤ ንቦች ይወዱታል፣ አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። የወይራ ዘመድ ስለሆነ በወይራ አበባ ብናኝ የሚያስነጥሰው ሰው በዚህም ሊያስነጥሰው ይችላል። ከአበባው በኋላ ትንንሽ ጥቁር ፍሬ ያፈራል። ፍሬው መርዝ ነው። ልጅ በአፉ ካስገባው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሆዱን ያመዋል፤ ቅጠሉም ለውሻና ለፈረስ ጥሩ አይደለም፣ የተከረከመውን ለከብት አትስጪ። ወፎች ግን ይበሉታል፣ ዘሩንም በየሄዱበት ይዘሩታል። የቻይናው ፕሪቬት አሜሪካ የገባው በ1852 ለጌጥ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ጫካዎች ውስጥ ከሥር ያለውን ሁሉ አፍኖ የሚበቅል አስቸጋሪ አረም ነው። በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድም ፕሪቬት እንዲሁ በአረምነት ይታወቃል። ዝንጉርጉሩ ደካማ ስለሆነ እንዲህ አያስቸግርም ይባላል፤ ግን ልብ በዪ፣ አንቺ ዘንድ ከላይ የተመዘዘው አረንጓዴ ቅርንጫፍ አበባና ፍሬ ከሰጠ ያ ፍሬ የአረንጓዴው ነው። አረንጓዴውን አውጪ የምልሽ ለመልክ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አበባው ሲጀምር ወይም እንዳበቃ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ አንዴ ግረዢው። ዝንጉርጉሩን ደግሞ ከተቻለ በትንሹ መቀስ፣ ቀንበጥ በቀንበጥ። ትልቁ መቀስ ቅጠሉን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል፣ የተሰነጠቀው ነጭ ቅጠል ከሁለት ቀን በኋላ ቡናማ ይሆናል። ያንቺ ጠርዝ ግማሹ የደረቀው በዚህም ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን ገልብጪና እዪው፣ ቡናማው ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ ከሆነ የደረቀ ሳይሆን የተቆረጠ ነው። ረጅም አጥር ከሆነና በእጅ የማይቻል ከሆነ ግን አልፈርድብሽም፣ በትልቁ ከርክሚው፣ ከታች ሰፋ ከላይ ጠበብ አድርጊው። ከታች ጠባብ ከሆነ የላዩ ያጠላበትና ታቹ ራቁቱን ይቀራል። ከመከርከምሽ በፊት ግን አረንጓዴ ካለ መጀመሪያ እሱን ከመነሻው አውጥተሽ ጨርሺ።

የቆረጥሽውን አረንጓዴ ርጥብ አፈር ላይ ከምረሽ አትተዪው፣ ፕሪቬት ነውና እዚያው ሥር ይሰድልሻል። አድርቂው ወይም አቃጥዪው። ፍሬ ያለበትን ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪ። ከወር በኋላ ደግሞ የቆረጥሽበትን ቦታ ገልጠሽ እዪና ምን እንደወጣ ጻፊልኝ፤ ፎቶ ካለሽ ቅርብ አድርገሽ ከመነሻው አንሺው፣ ከሩቅ የተነሳው ምንም አይነግረኝም።